ቀዩ ቀስት በፑካሎማ ላይ

ፑካሎማ፣ ጥር 14

ለምወድሽ የአክስቴ ልጅ ለኤዴልሚራ፤

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነትሽ፣ ሥራሽም ቀንቶሽ ያግኝሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናቸው፤ በቆሎውን አስኮትኩተዋል፣ ጓዳ ለሥጋ የሚያረቧቸው ጥንቸል መሳይ ኩዮችም ወልደውላቸዋል። ሰላምታቸው ይድረስሽ ብለዋል።

ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ እናትሽ አጠገቤ ስለሚሆኑ ያልነገርኩሽ ጉዳይ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ግጦሹ ላይ፣ መሬቱ ተሰንጥቋል። አምና ጣት የምታስገባ መስመር ነበረች። ዘንድሮ ዝናቡ ከገባ ወዲህ የዶን ኤቫሪስቶ ጥጃ ገብቶበት በገመድ ነው ያወጣነው። መንደሩ በሙሉ ከሥሩ ነው። የእናትሽ ቤት የት እንዳለ ለአንቺ አልነግርሽም።

የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት በየካቲት ሊሰማን ቀጠሮ ሰጥቶናል። መምህር ነህ ተብዬ እኔ ተመረጥኩ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ደግሞ «በወረቀት እንዳትመጣ፤ በስላይድ አዘጋጅተህ ና» አለችኝ። አዘጋጀሁ። ትናንት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመንደሩ ሰው አሳየሁት። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ ነው። ዶን ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና «ፕሮፌሶር፣ እዚያ ተራራ ሥር ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ አንድ ቀን አልፈራሁም፤ ይሄን ሁሉ አንብብ ካልከኝ ግን አሁኑኑ አገር ለቅቄ እሸሻለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

አንቺ እዚያ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ስላይድ የምታዘጋጂ መሆንሽን ሰምቻለሁ። ሥዕል እንዴት ነው የሚገባው? ተራራ፣ ቤት፣ መንገድ ማስገባት እፈልጋለሁ። አስተምሪኝ።

የቤተ ዘመድሽ ጸሎት አይለይሽ።
ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ ስፔን፣ ጥር 20

ወንድሜ ኦቶኒኤል፤

አንተንም፣ ባለቤትህን ኔሊንም፣ እናቴንም እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። ደብዳቤህን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩና ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ። ቆይ፣ ስንጥቁ ምን ያህል ነው? ጥጃ የሚያስገባ ማለትህ እግሩን ነው ወይስ ሙሉውን? እማዬስ አይታዋለች?

ስላይዱን ስነግርህ አትሳቅብኝ፤ እኔም እዚህ የሰላጣ ማሸጊያው ፋብሪካ ውስጥ ከማጠቢያው ወደ ቢሮ ስዛወር አንዲት የዚሁ አገር ልጅ፣ ሙርሲያዊት፣ ናት ያሳየችኝ። ከላይ «አስገባ» የሚል አለ። እሱን ስትጫን «ቅርጾች» የሚል ይመጣልሃል። እዚያ ውስጥ ሁሉም አለ፤ አራት ማዕዘን፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ መስመር፣ ቀስት። አንዱን ትመርጥና በማውሱ ገጹ ላይ ትጎትታለህ። ክቡ እንቁላል እየሆነ ካስቸገረህ «ሺፍት» የምትለዋን ቁልፍ ተጭነህ ጎትት፤ ድቡልቡል ይልልሃል። ለተራራው ነጻ መስመር የሚባለውን ውሰድና በእጅህ እንደምትሥል እየነካህ ሂድ። አንድ ቤት ሠርተህ ሌላውን ከሱ ቅዳ፤ ሁሉንም ከአዲስ አትሥራ፣ ታብዳለህ። ሁሉንም ስትጨርስ በአንድ ላይ ምረጣቸውና «አስተሳስር» በላቸው፤ ያኔ አንዱ ከአንዱ አይለያይም።

ጽሑፉን ቀንሰው። አለቆች አያነቡም፤ ያያሉ።

ስለ እማዬ ግን ሁለት መስመር ብቻ ጻፍክልኝ። ሳሏስ? ያ የጉልበቷ ነገርስ? በሚቀጥለው ደብዳቤህ በደንብ ጻፍልኝ።

የምትናፍቅህ
ኤዴልሚራ


ፑካሎማ፣ ጥር 29

እህቴ ኤዴልሚራ፤

ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ ውለታሽን ይክፈልሽ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ተራራው ትንሽ የዳቦ ቅርጽ ወጥቶታል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤቶቹን አራት ማዕዘን ላይ ሦስት ማዕዘን ደፍቼ ሠራኋቸው። ስንጥቁ ከላይ ያለችው ግራጫ መስመር ናት። አንቺ እንዳልሽው ሁሉንም አስተሳሰርኩና፣ ላስተካክል ብዬ ስነካው መንደሩ በሙሉ ተጎትቶ ከተራራው ወርዶ ወንዙ ማዶ ተቀመጠ። ኔሊ አጠገቤ ነበረች። «ወይኔ ኦቶ! እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ትለምናቸዋለህ? አንተው ጎትተህ አሻግረን» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን በየት እንደሄደ አላውቅም፤ ሁለታችንም ገጹን እናይ ጀመር።

አክስቴ ትናንት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ነበር። የተቀቀለ የበቆሎ ሞቴና አይብ በፎጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ጠጋ ብለው አዩት።

«የኔ ቤት የቱ ነው?»

«ይሄ ነው፣ አክስቴ።»

«ይሄማ የዶሮ ቆጥ ነው። ምድጃዬስ? ከበሩ ላይ ያለው ካፑሊ ዛፍስ?»

«ቦታ አይበቃም፤ ለምልክት ያህል ነው።»

«ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለክፍለ ሀገሩ ሰዎች።»

መነጽራቸውን አወለቁና «አሳይተህ ስታበቃ የት ልትወስዱኝ ነው?» አሉኝ። «ሥዕል ብቻ ነው፣ አክስቴ» አልኳቸው። ሳላቸው አለ፤ እንደ ወትሮው ነው። ጉልበታቸው ዳገቱን ሲወጡ ያስቸግራቸዋል እንጂ ሲወርዱ ደህና ናቸው።

ስንጥቁን በሁለት እግርሽ አንፈራጥጠሽ ልትቆሚበት ትችያለሽ።

አክባሪሽ
ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ የካቲት 2

ወንድሜ፤

ሰላምህ ይብዛ። ቸኩዬ ነው የምጽፍልህ፤ ቀጠሮህ ደርሷል።

ሥዕልህን አየሁት። እናቴ እውነቷን ነው፣ የዶሮ ቆጥ ነው፤ እሱ ግን ግድ የለም። ትልቁ ችግር ስንጥቁ ነው። ግራጫና ቀጭን አድርገኸዋል። ሰው የሚገድል ነገር እንደ ፀጉር ይሣላል? እኛ እዚህ ሰላጣ ሲበላሽብን እንኳን በቀይ ነው የምናሳየው። መስመሩን ቀይ አድርገው፤ ውፍረቱን ጨምር። ከዚያ ወፍራሙን ቀስት ውሰድና ጫፉ ቤቶቹ ላይ እንዲያርፍ አድርግ። እሱንም ቀይ ቀባው፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶች እንዲታዩ ግን ቀለሙን ትንሽ አሳሳው፤ ማስተካከያው ከቀለሙ ምርጫ ሥር አለ። ቀስቱ ከስላይዱ ጋር አብሮ አይውጣ፤ ስትጫን ብቻ እንዲመጣ አድርገው። መጀመሪያ ሰላም የሆነ መንደር ይዩ። ከዚያ ቀስቱ ይውረድባቸው።

የእማዬንም ቤት ቀይ ቀባው። እንዳትራራ።

ስትጨርስ ወዲያው ጻፍልኝ።
ኤዴልሚራ


ፑካሎማ፣ የካቲት 19

ለውድ እህቴ ለኤዴልሚራ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ተሳክቷል፤ ግን እንዴት እንደተሳካ ልንገርሽ።

አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ሊቀመንበሩ ለጎኑ ሰው ስለ ካርኒቫል በዓል ያወራል። መንደሩን አሳየሁ፤ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ተጫንኩ። ቀስቱ ከላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ ወሬውን አቋርጦ መነጽሩን አስተካከለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አፈሩ የሚወርድበት ነው፣ ጌታዬ።»

«ሰው አለበት?»

«ሁላችንም አለንበት።»

«ይሄ ቀስት በጥናት የተሣለ ነው?»

«የመሬቱን ዘንበል ተከትሎ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም። ሌላ የጠየቀኝ የለም። በሳምንቱ መሐንዲስ ላኩልን። ወጣት ናት፤ ጭቃው ውስጥ ቦቲዋ እስኪቀር ዞረች። ስትሄድ ብቻዬን ጠርታ «ሊወርድ ይችላል፤ ዘንድሮ ይሁን ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ልነግርዎት አልችልም» አለችኝ። ሪፖርቷንም እንዲሁ ጻፈች። ነገር ግን ትእዛዙ የመጣው ከሪፖርቷ በፊት ነው፤ መንደሩ በሙሉ ከመጋቢት አጋማሽ በፊት ወደ ከተማው ስፖርት አዳራሽ እንዲገባ።

ሰው ግማሹ አመሰገነኝ፤ ግማሹ ሰላም አይለኝም። እናትሽ አልሄድም ብለዋል።

ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ መጋቢት 3

ኦቶኒኤል፤

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። እማዬ ስልኩን አታነሳም፤ ኔሊ «ማሳ ወርደዋል» ትለኛለች። በዚህ ዝናብ ምን ማሳ አለ?

ንገርልኝ። «ልጅሽ ናት ያለችሽ» በላት። «እዚያ ቤት ውስጥ እያለሽ እኔ እዚህ እንቅልፍ የለኝም» ትልሻለች በላት። እምቢ ካለችህ ተሸክመህ አውጣት። ከባድ አይደለችም።

እመቤታችን ትርዳህ።
ኤዴልሚራ


ከከተማ፣ መጋቢት 22

እህቴ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወጥተናል። መሸከም አላስፈለገም። ያልሽውን ነገርኳቸው። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሰሙኝና «እሷ ናት ያለችው?» አሉኝ። «እሷ ናት» አልኳቸው። ተነሡ። አንድ ሰዓት ያህል ቤቱን ጠረጉት፤ ጥግ ጥጉን ሁሉ። «የምንለቀውን ቤት ምን ያስጠርጋል?» ብላቸው፣ «ሰው ሲመጣ ቆሻሻ ነበረች ይበለኝ?» አሉኝ።

ኩዮቹን በካርቶን ይዘው መጡ። አዳራሹ ውስጥ እንስሳ አይገባም ብለው በሩ ላይ ከለከሏቸው። ዶን ኤቫሪስቶ ከጠባቂው ጋር ተጨቃጨቀላቸው፤ አልሆነም። ለአንዲት የከተማ ሴት ሰጧቸው። አሁን አልጋችን ጎን ለጎን ነው፤ በመሃል አንሶላ ዘርግተናል። የቅርጫት ኳሱ መረብ ከራስጌያቸው በላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ተራራው ነው፤ «ወደቀ?» ይላሉ። «አልወደቀም፣ አክስቴ» እላቸዋለሁ።

ሲሚንቶው ስለሚቀዘቅዝ ሳሉ ትንሽ ብሷል። ሐኪም አይቷቸዋል። አታስቢ።

ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ ሚያዝያ 2

ወንድሜ፤

ስለወጣችሁ ቅዱሳን ሁሉ ይመስገኑ። «ትንሽ» ስትል ምን ያህል ነው? ሐኪሙስ ምን አለ? ብርድ ልብስና የሱፍ ካልሲ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። እሷን በስልክ አገናኘኝ። ስትቀርብ ፊቷን አሳየኝ።

ኤዴልሚራ


ሎርካ፣ ሚያዝያ 20

ኦቶ፤

ለምንድነው የማትመልስልኝ? ኔሊም አታነሳም። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ስላይድ እየሠራሁ፣ አንድ ክብ ደጋግሜ እሠራለሁ፣ አጠፋለሁ። ስለምንም ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ስለ እሷ ብቻ ጻፍልኝ።

ኤዴልሚራ


ከከተማ፣ ግንቦት 6

እህቴ ኤዴልሚራ፤

በስልክ ያለቀሽው ልቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ መልሼ ለመደወል አቅም አጣሁ። በስልክ ያልነገርኩሽን በጽሑፍ ልንገርሽ።

ሳንባቸው ነው። ሆስፒታል ሲገቡ አልነገረኝም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ «እዚያ ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል? ስድን እራሴ እነግራታለሁ» ብለው አስማሉኝ። የሚድኑ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ግን «ወደቀ?» ብለው አልጠየቁኝም። ያኔ ነው የገባኝ። ረጋ ብለው ነው ያረፉት፤ እጃቸው በኔሊ እጅ ውስጥ ነበር።

«ፑካሎማ፣ ከባልሽ አጠገብ ቅበሩኝ» ብለው ለኔሊ ነግረዋት ነበር፤ «ከባሌ» ማለታቸው ነው፣ በመጨረሻ ቃል እየተቀላቀለባቸው ነበር። ወደ መንደሩ መግባት ተከልክሏል፤ መንገዱ ላይ ፖሊስ አለ። ሬሳ ሣጥኑን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ገመዱን ዝቅ አደረገልን። «ቶሎ ውጡ» ብቻ አለን። ከባላቸው አጠገብ ቀበርናቸው። ፀሐይ ነበረች። ዝናቡ አልቋል። ተራራው አረንጓዴ ሆኖ፣ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ቆሟል።

ስንመለስ አንዱ ከኋላዬ «ፕሮፌሶር ቀስት፣ ተራራህስ?» አለ። አሁን ስሜ ይሄ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እኛንም።
ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ ነሐሴ 11

ኦቶኒኤል፤

ለአንተና ለቤተሰብህ ሰላም እላለሁ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጻፍኩት አንተን ላለመሳደብ ነው። ስጽፍ እሰድብሃለሁ፤ እደመስሰዋለሁ። አንተ ከቤቷ ያወጣሃት ስንጥቅ አይተህ ነው። እኔ ያወጣኋት ምን አይቼ ነው? የዳቦ ቅርጽ ያለው ተራራ። እሷ ደግሞ የተነሣችው «ልጅሽ ናት ያለችሽ» ስላልካት ነው፤ ያንን ቃል ያስያዝኩህ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ፋይሉን ከፈትኩት። ቀስቱን አጠፋሁ። መስመሩን እንደ መጀመሪያው ግራጫ አደረግኩት። መንደሩ ደህና መንደር ነው፣ ኦቶ። ሰው ቢሞትበት በእርጅና የሚሞትበት ዓይነት። መልሼ ቀይ አደረግኩት፤ ያው ተራራ አስፈራኝ። ስንጥቁ በዚያም በዚህም ያው ነው፤ የተቀየረው ቀለሙ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። መሐንዲሷ «አላውቅም» ስትልህ፣ ለእናቴ «አላውቅም» ማለቷን ነግረሃት ነበር?

ኤዴልሚራ


ከከተማ፣ መስከረም 3

እህቴ፤

አልነገርኳቸውም።

ብነግራቸው ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር። እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ። እኔም አንቺም እንዲወጡ ነበር የፈለግነው። ዛሬም ብትጠይቂኝ፣ ያንን ስንጥቅ እያየሁ በዚያ ቤት አሳድራቸው እንደሆን አላውቅም። የማውቀው ያንን ሲሚንቶ ብቻ ነው።

የባሰ ነገር ልንገርሽ፤ ለኔሊ እንኳን አልነገርኳትም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ማዶ እሄድና ተራራውን አየዋለሁ። እንዲወርድ እመኛለሁ። መንደሬን፣ የተወለድኩበትን፣ ትምህርት ቤቴን፣ ሁሉንም ይዞ እንዲወርድ። እውነተኛ ልባል ብዬ። ከዚያ ደንግጬ ሦስቴ አማትባለሁ።

ሰዎች ቀን ቀን ተመልሰው መሬታቸውን ማረስ ጀምረዋል። ዶን ኤቫሪስቶ «በስላይድ አስወጣኸን፣ በስላይድ መልሰና» ይለኛል። ቀን ይሠሩ፤ ማታ ግን እንዳያድሩ እለምናቸዋለሁ። ሲሰሙኝ ይስቃሉ፤ ግን አያድሩም።

ኦቶኒኤል


ከከተማ፣ የካቲት 8

እህቴ ኤዴልሚራ፤

በዜና ሳትሰሚው እንዲደርስሽ ቶሎ እጽፍልሻለሁ። ትናንት ወረደ።

ለሳምንት ዝናቡ አላቋረጠም፤ በዚህ ምክንያት ማንም እርሻ አልወጣም። ዶን ኤቫሪስቶ ብቻ ላሙን ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ድልድዩ ላይ እያለ መሬቱ እንደ መኪና ሲያጓራ ሰማና ዞረ። እሱ እንደሚለው ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ቆሞ ነው የተጓዘው፤ ደወሉ እየጮኸ፤ ከዚያ ተኛ። ጭቃው እንዳለ ፊቱ ላይ ሆኖ ከተማ ድረስ በእግሩ መጣ። የኪራይ ቤታችንን በር አንኳኳና ሳቅፈው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ፕሮፌሶር፣ ማንም የለም። ማንም የለበትም» ይላል። ሰው ሁሉ ወደ ቤቴ መጣ። እጄን የሚስሙ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ራሱ ደወለልኝ፤ ስላይዱን ለሌሎች መንደሮች እንዳሳይለት ይፈልጋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከዶን ኤቫሪስቶ ጋር ሄጄ አየሁት። ቀስቱ ከሣልኩት ይበልጥ ወደ ግራ ሄዷል። መቃብር ስፍራው ስላይዱ ላይ አልነበረም፤ የሚያሰጋው ሰው የለም ብዬ ትቼው ነበር። መስቀሎቹ አንድ እንኳን የሉም፤ ጥቁር አፈር ብቻ ነው፣ ወንዙ ድረስ።

ከፑካሎማ ሰው በሕይወት እያለ እዚያ ሥር የቀረ የለም። አክስቴን ግን የት ብዬ እንደማሳይሽ አላውቅም።

ይቅር በይኝ።
ኦቶኒኤል


ሎርካ፣ የካቲት 21

ወንድሜ ኦቶኒኤል፤

ያተረፋችሁ አምላክ ስሙ ይመስገን። የዶን ኤቫሪስቶን መትረፍ ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ፤ ሳመው።

ቲኬት ቆርጬ ነበር። ለሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ለሙት ዓመቷ። መቃብሯ ላይ ሻማ ላበራ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ልሰርዘው ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እመጣለሁ። ወንዙ ማዶ ትወስደኛለህ፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ አታሳየኝ፤ ሁሉም እሷ ናት እላለሁ።

ትክክል ነበርክ ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ብዙ ሰው ብሎሃል፤ እኔም እላለሁ፤ ትክክል ነበርክ። እናቴ ግን ከሲሚንቶው ላይ አልተነሣችም። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን በሌላው መሸፈን አልችልም፤ አንተም አትሸፍንልኝ።

አየር ማረፊያው ስትመጣ ብቻህን ና። ኔሊን እቤት አገኛታለሁ። መንገድ ላይ ምንም አታስረዳኝ። አንተ ማስረዳት ታውቅበታለህ፤ ተራራ እንኳን አስረድተሃል። እኔ የምፈልገው አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ነው።

እህትህ
ኤዴልሚራ